በኦቫሪ ውስጥ የሚበቅል የታይሮይድ ሥጋ፦ እንቅርት ወደ ሆድ አይወርድም

«ከአንዲት እናት ሆድ ይህን ያህል ኪሎ ዕጢ ወጣ» የሚል ዜና በማኅበራዊ ሚዲያ ሳንሰማ የምንከርምበት ጊዜ ትንሽ ነው። ፎቶው ይለጠፋል፣ ኪሎው ይጠቀሳል፣ የቀዶ ሕክምና ቡድኑ ይመሰገናል። ዕጢው ምን ዓይነት እንደ ሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነገርም። ፎቶው በሚለጠፍበት ሰዓት የፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ምርመራ) ውጤት ገና አልደረሰም፤ ውጤቱ ሲደርስ ደግሞ ወሬው በርዷል። በመካከሉ ያለውን ክፍተት ግምት ይሞላዋል። ከዕጢው ውስጥ ፀጉርና ጥርስ ከተገኘ «መተት ነው» ይባላል። ሆዷ ውሃ ከቋጠረ «ካንሰር ነው፣ አለቀላት» ይባላል። አልፎ አልፎ ደግሞ ከኦቫሪ በወጣ ዕጢ ውስጥ፣ በአንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዓይነት ሥጋ መገኘቱ ሲሰማ «እንቅርቷ ወደ ሆዷ ወርዶ ነው» የሚል ትርጓሜ ይከተላል።

ይህ የመጨረሻው ትርጓሜ እንደ ሰሜን ሸዋ ባለ አካባቢ በቀላሉ ሥር ይሰዳል። እንቅርት ለደጋው ሰው እንግዳ አይደለም፤ በአንገት ላይ ያለውን እብጠት ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም ያውቀዋል። የሚታወቅ ነገር ደግሞ ለማይታወቀው ማብራሪያ ሆኖ መቅረቡ ያለ ነው። ሆኖም ማብራሪያው ስህተት ነው፤ ስህተቱም በሕክምና ውሳኔ ላይ መዘዝ ያመጣል።

ስትሩማ ኦቫሪ የሚባለው

ዕጢው በሕክምናው ዓለም ስትሩማ ኦቫሪ ይባላል። ኦቫሪዎች ከማኅፀን ግራና ቀኝ ያሉ፣ እንቁላል የሚያመርቱና የሴት ሆርሞን የሚያመነጩ ሁለት አካላት ናቸው። ታይሮይድ ደግሞ በአንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ ይገኛል። አዮዲንን ከደም እየለቀመ፣ የልብን ምት፣ የሰውነትን ሙቀትና የምግብን መቃጠል የሚቆጣጠር ሆርሞን ይሠራል። ስትሩማ ኦቫሪ የሚባለው በኦቫሪ ውስጥ የበቀለ ዕጢ ከግማሽ በላይ የሆነው ክፍሉ የበሰለ የታይሮይድ ሥጋ ሆኖ ሲገኝ ነው።

ዕጢው ቴራቶማ ከሚባለው ቤተሰብ ይመደባል። ቴራቶማ ማለት ከአንድ የዘር ሕዋስ ተነሥቶ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎችን የሚያበቅል ዕጢ ነው፤ ፀጉር፣ ጥርስ፣ ስብ፣ ቆዳ፣ አልፎ አልፎም አጥንት ይገኝበታል። ካንሰር ያልሆነው የበሰለ ቴራቶማ በሴቶች ላይ ከሚታዩት የኦቫሪ ዕጢዎች መካከል የተለመደ ነው። በነዚህ ውስጥ ጥቂት የታይሮይድ ሥጋ መገኘቱም ብርቅ አይደለም። ብርቁ ነገር የታይሮይዱ ሥጋ ሌላውን ሁሉ ውጦ ዕጢውን በሙሉ ወይም በአብዛኛው ሲይዘው ነው። ያ የሚሆነው ከቴራቶማዎች ከ2 እስከ 5 በመቶ በሚደርሱት ላይ ብቻ ሲሆን፣ ከኦቫሪ ዕጢዎች ሁሉ ሲሰላ 1 በመቶ ገደማ ነው። በ1889 እ.ኤ.አ. ቦትሊን የተባለ ሐኪም በኦቫሪ ውስጥ የታይሮይድ ሥጋ ማየቱን ከጻፈ ወዲህ የተመዘገቡት ታካሚዎች አብዛኞቹ ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ያሉ ሴቶች ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው አንዱን ኦቫሪ ብቻ ነው። ወደ ካንሰርነት የሚለወጠው ከ100 ታካሚዎች በ5ቱ ገደማ ላይ ነው፤ የቀሩት ከ90 በላይ የሚሆኑት በቀዶ ሕክምና የሚድን ዕጢ የያዛቸው ናቸው።

የአንገት ሥጋ በሆድ ውስጥ ከየት መጣ?

ከአንገት አልመጣም። እዚያው በቅሏል።

የሴት ልጅ እንቁላል ሕዋስ ሙሉ ሰው ለመሥራት የሚያስፈልገውን መመሪያ ይዛለች። በተለመደው ሥርዓት ይህ መመሪያ የሚከፈተው ከወንድ ዘር ጋር ስትገናኝ ነው። በቴራቶማ ላይ የሚሆነው ግን አንዲት የእንቁላል ሕዋስ፣ የመጀመሪያውን የክፍፍል ደረጃ ካለፈች በኋላ፣ ያለ ወንድ ዘር በራሷ መከፋፈል መጀመሯ ነው። ጅማሮው ፅንስ ሊሆን አይችልም፤ የአባት ድርሻ ስለሌለው ሥርዓት ያለው አካል አይወጣውም። ነገር ግን ሕዋሶቹ እንደ ፅንስ ሕዋሶች ሁሉ በሦስት ንብርብር ይደራጃሉ። ከላይኛው ንብርብር ቆዳ፣ ፀጉርና ነርቭ፣ ከመካከለኛው ስብ፣ ጡንቻና አጥንት፣ ከውስጠኛው ደግሞ የአንጀት ሽፋንና ታይሮይድ ይወጣሉ። ስለዚህ በአንገታችን ያለው ታይሮይድና በኦቫሪ ዕጢ ውስጥ የሚገኘው ታይሮይድ አንድ ዓይነት መነሻ ያላቸው ናቸው እንጂ አንዱ የሌላው ስደተኛ አይደለም። በእርግጥ ከአንገት ወደ ኦቫሪ የሚሰራጭ የታይሮይድ ካንሰር በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል፤ እጅግ ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን ከተራ እንቅርት ጋር የሚገናኝ አይደለም።

ከዚህ አሠራር የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ በገጠራችን ሊሰመርበት ይገባል። ቴራቶማ እርግዝና አይደለም፣ የተጨናገፈ እርግዝናም አይደለም። ወንድ በማታውቅ ልጃገረድ ላይ ይወጣል፣ ወልዳ በማታውቅ ሴት ላይ ይወጣል፣ ማረጥ ካለፈች እናት ላይም ይወጣል። ያላገባች ልጅ ሆዷ ሲገፋ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ምን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ዕጢው ወጥቶ ፀጉርና ጥርስ ሲታይበት ደግሞ ጥርጣሬው «ልጅ ነበር» ወደሚል እርግጠኝነት ይሸጋገራል። በዚህ ምክንያት ስሟ የጠፋ ልጅ ካለች የጠፋው ያለ ጥፋቷ ነው። መተት የሚለው ትርጓሜም በዚሁ ይወድቃል፤ ፀጉሩን ማንም አላስገባውም፤ ጥቁር የሆነው የራሷ ሕዋስ ጥቁር ፀጉር የማብቀል መመሪያ ስለያዘ ነው።

ጨው፣ እንቅርትና የተሳሳተው መስመር

እንቅርት የሚመጣበት መንገድ ከላይ ከተነገረው ፈጽሞ ይለያል። በደጋ አገር ዝናብ አፈሩን ለዘመናት ሲያጥበው አዮዲኑ አብሮ ይሄዳል። በዚያ አፈር ላይ የበቀለ ገብስና ስንዴ፣ ያንን ሣር የበላ ከብትም አዮዲን ያንሰዋል። የሰውየው ታይሮይድ ጥሬ ዕቃው ሲያጥረው አንጎል ሥር ያለው አለቃ፣ ፒቱታሪ የተባለው ሆርሞን አመንጪ አካል፣ «ጨምር» የሚል ሆርሞን አብዝቶ ይልካል። ታይሮይድ ሆርሞን መጨመር ሲያቅተው ራሱን ያገዝፋል። እንቅርት የምንለው ይህንን ግዝፈት ነው።

ችግሩ በኢትዮጵያ ምን ያህል ሰፊ እንደ ነበረ ለማሳየት አንድ ቁጥር ይበቃል፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ አገር አቀፍ ጥናት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከሦስቱ ከአንዷ በላይ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። መንግሥት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ያወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤተሰቦች ብቻ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ዳሰሳ ግን ቁጥሩ 89 በመቶ ደረሰ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም ዳሰሳው የሚናገረው በጨው ውስጥ አዮዲን መኖሩን እንጂ መጠኑ መብቃቱን አይደለም። ከአፋር የሚመጣው ጨው በክፍት ጆንያ በፀሐይና በእርጥበት ሲከርም፣ ቤት ከገባ በኋላም ወጡ ገና ሲጣድ ተጨምሮ አብሮ ሲንተከተክ አዮዲኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር የሚመከረው ለዚህ ነው። በጥንት ዘመን በአንኮበር ሥር በአልዩ አምባ ገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር የነበረው አሞሌ ደግሞ አዮዲን የሚጨመርበት ጨው አልነበረም፤ «ድሮ በአሞሌ ስንበላ ጤነኞች ነበርን» የሚለው ክርክር የድሮዎቹን እንቅርታሞች ይዘነጋል።

ይህ ሁሉ ታዲያ ከኦቫሪው ዕጢ ጋር ምን ያገናኘዋል? ለዕጢው መነሻነት ምንም። የአዮዲን ማነስ ስትሩማ ኦቫሪን እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። አዮዲን ያለበት ጨው መብላት ያመጣዋል ለማለትም ማስረጃ የለም። ሁለቱም አቅጣጫ መነገር አለበት፤ «ታይሮይድ» የሚለውን ቃል በውጤት ወረቀት ላይ ያየ ቤተሰብ ጨው ወደ ማስቀረት ቢሄድ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ጉዳት ይሆናል። በኦቫሪ ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሥጋ አዮዲን መልቀሙ፣ ሆርሞን መሥራቱም እውነት ነው። ግን ይህ የዕጢው ጠባይ ነው እንጂ የዕጢው ምክንያት አይደለም። እንቅርትም ስትሩማ ኦቫሪም በአንዲት ሴት ላይ ሊገኙ ይችላሉ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባለው ዓይነት የችግር መደራረብ ነው እንጂ አንዱ ሌላውን ወልዶት አይደለም። ስለዚህ እንቅርት ያለባት ሴት ሁሉ ኦቫሪዋን በአልትራሳውንድ ትታይ የሚል ምክር መሠረት የለውም።

ካንሰር የሚያስመስለው ውሃ

አስቸጋሪው ክፍል እዚህ ላይ ነው።

አብዛኞቹ ስትሩማ ኦቫሪ ያለባቸው ሴቶች ወይ ምንም አይሰማቸውም፣ ወይ ታችኛው ሆዳቸው ላይ ክብደትና ሕመም ይሰማቸዋል፣ ወይ ለሌላ ነገር በተነሣ አልትራሳውንድ በአጋጣሚ ይገኝባቸዋል። ከሦስቱ እስከ አንዷ በሚደርሱት ላይ ግን ሆድ ውሃ ይቋጥራል። ጥቂቶቹ ላይ ውሃው በሳንባ ዙሪያም ይጠራቀማል፤ ያን ጊዜ ትንፋሽ ያጥራል፣ መተኛት ያስቸግራል። በ1937 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የማኅፀን ሐኪም ጆ ሜግስ ፋይብሮማ በተባለ ካንሰር ያልሆነ የኦቫሪ ዕጢ ምክንያት በሆድና በሳንባ ዙሪያ ውሃ እንደሚቋጠር፣ ዕጢው ሲወጣም ውሃው እንደሚጠፋ ካሳወቀ በኋላ ሁኔታው በስሙ ተጠራ። በስትሩማ ኦቫሪ የሚመጣው ተመሳሳይ ክስተት «ሐሰተኛ ሜግስ» ይባላል። እዚህም ዕጢው ሲወጣ ውሃው ይደርቃል።

በዚህ ላይ የደም ምርመራው ይጨመራል። ሲኤ-125 የሚባለው በደም ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን በኦቫሪ ካንሰር ስለሚጨምር እንደ ጠቋሚ ያገለግላል፤ የተለመደው ጣሪያ 35 ነው። ስትሩማ ኦቫሪ ከነውሃው ሲመጣ ግን ይህ ቁጥር በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም ሲኤ-125 የሚመነጨው ከካንሰር ሕዋስ ብቻ አይደለም። የሆድ ዕቃ ሽፋን ሲቆጣና ሲበሳጭም ያመነጨዋል። በወር አበባ፣ በእርግዝና፣ በጉበት በሽታና በሆድ ቲቢም ይጨምራል። እንግዲህ ማረጥ አካባቢ ያለች ሴት፣ በኦቫሪዋ ጠጣርና ውሃማ የተቀላቀለበት ዕጢ ይዛ፣ ሆዷ ውሃ ቋጥሮ፣ ሲኤ-125 ጣሪያውን አልፎ ስትመጣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ የተሰራጨ የኦቫሪ ካንሰር ይመስላል።

በሰሜን ሸዋ ሁኔታ ግምቱ ከዚህም የተወሳሰበ ነው። በሆድ ውሃ የምትመጣ ሴት የሆድ ቲቢ ሊኖራት ይችላል፤ የጉበት ወይም የልብ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በቆላው ወንዝ ዳር ለኖረች ደግሞ ቢልሃርዝያ የጎዳው ጉበት ይታሰባል። ቲቢ በተለይ ከስትሩማ ጋር ብዙ ይመሳሰላል፦ ውሃ፣ ክሳት፣ ከፍ ያለ ሲኤ-125፣ በተቀዳው ውሃ ውስጥ ካንሰር ሕዋስ አለመገኘት። አልትራሳውንዱ ወደ ኦቫሪ ዝቅ ብሎ ካልታየ አንዲት ሴት ለወራት የማትፈልገውን የቲቢ መድኃኒት ልትውጥ ትችላለች። ተገላቢጦሹም አለ፤ ቲቢ ያለባት ሴት ኦቫሪዋን ያለ ምክንያት ልታጣ ትችላለች።

ይሁን እንጂ «ካንሰር የሚያስመስል ነገር አለ» ማለት «ካንሰር አይደለም» ማለት አይደለም። ከላይ የተገለጸው ምልክት ከያዛቸው በዕድሜ የገፉ ሴቶች መካከል የሚበዙት በእርግጥ ካንሰር ያለባቸው ናቸው። ስትሩማ ኦቫሪን ጠቅሶ ቀዶ ሕክምናን ማዘግየት ከመጀመሪያው ስህተት የባሰ ስህተት ይሆናል። ዕውቀቱ የሚጠቅመው ለሁለት ነገር ነው፤ ውሃና ቁጥር ታይቶ «ተስፋ የለውም፣ ወደ ቤት ውሰዷት» የሚለው ፍርድ እንዳይሰጥ፣ ቀዶ ሐኪሙም ምን ያህል እንደሚያወጣ ሲወስን ሌላውን አማራጭ እንዲያስብ።

ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ላይ ሆዷ የገፋ ሴት ማየት እንግዳ አይደለም። ከዚህ ዕጢ አንጻር በጠበልና በሕክምና መካከል ምረጡ የሚያሰኝ ነገር የለም፤ ምእመናንም ሁለቱን አብረው ሲያስኬዱ ኖረዋል። አስጊው ጊዜ ነው። በግንዱ ላይ የተጠማዘዘ የኦቫሪ ዕጢ ድንገተኛ ብርቱ ሕመምና ትውከት ያመጣል፤ የደም ሥሩ ስለሚታነቅም ኦቫሪውን ለማትረፍ የሚቀረው ሰዓት ነው። እንዲህ ያለው ሕመም ሱባኤው እስኪያልቅ አይጠብቅም።

በብርድ አገር የሚያልባት

ከ100 ታካሚዎች ከ5 እስከ 8 በሚደርሱት ላይ የኦቫሪው ታይሮይድ ከሚገባው በላይ ሆርሞን ያመርታል። በዚህ ጊዜ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እየበሉ መክሳት ይመጣል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር በምትጠጋው ደብረ ብርሃን፣ ሌላው ሰው ጋቢ ደርቦ በሚንዘፈዘፍበት ማለዳ፣ እሷ ያልባታል። ሐኪም ሲመረምራት ሆርሞኑ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ አንገቷ ግን ለስላሳ ነው፣ እብጠት የለበትም። እንዲያውም የአንገቱ ታይሮይድ በደም ውስጥ በቂ ሆርሞን ስላለ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። በጨረር አዮዲን የሚሠራ ምርመራ ቢደረግ አዮዲኑ ከአንገት ይልቅ ወደ ዳሌ አካባቢ ሲሄድ ይታያል። ይህ የኑክሌር ሕክምና መሣሪያ የሚጠይቅ በመሆኑ በዞን ሆስፒታል የሚጠበቅ አይደለም። የሚጠበቀው ከዚህ ያነሰና የሚቻል ነገር ነው፤ የታይሮይድ ሆርሞኗ ከፍ ብሎ አንገቷ ላይ ምክንያት ያልተገኘላት ሴት ሆዷ በአልትራሳውንድ ይታይ።

ከዚህ ንዑስ ቡድን ጋር የሚያያዝ አደጋም አለ። ሆርሞኑ ከፍ ማለቱ ሳይታወቅ ወደ ቀዶ ሕክምና ከተገባ፣ ማደንዘዣውና የዕጢው መነካካት ሆርሞኑን በድንገት ወደ ደም ሊለቀው ይችላል። ትኩሳቱ ይወጣል፣ ልብ ከልክ በላይ ይሮጣል፤ ሕይወትን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። መከላከያው ውድ አይደለም። አስቀድሞ በመድኃኒት ሆርሞኑን ማብረድና እንደ ፕሮፕራኖሎል ባለ መድኃኒት የልብን ምት ማረጋጋት ነው።

ምን ያህል ይውጣ?

በሐኪሞች መካከል ያለው ክርክር እዚህ ላይ ይበረታል። አንደኛው ወገን ጥርጣሬው የካንሰር እስከ ሆነ ድረስ በአንድ ቀዶ ሕክምና ሁሉንም ማውጣት ይሻላል ይላል፤ ማኅፀን፣ ሁለቱም ኦቫሪዎች፣ በሆድ ውስጥ ያለው የስብ መጋረጃም ጭምር። ከሩቅ ወረዳ የመጣች ታካሚ ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ላትመለስ ትችላለች የሚለው ስጋታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሌላው ወገን ላልተረጋገጠ የካንሰር ዕድል መቶ በመቶ ማምከን አግባብ አይደለም የሚል ሚዛን ያቀርባል፤ ዕድሉ እንደ ታካሚዋ ዕድሜና እንደ ዕጢው መልክ ቢለዋወጥም ሐሳቡ ግልጽ ነው። ልጅ ለምትፈልግ ሴት ዕጢውን ብቻ፣ ወይም የተያዘውን ኦቫሪ ብቻ ማውጣት ለስትሩማ ኦቫሪ በቂ ሕክምና ነው።

በሀብታም አገሮች ክርክሩን የሚያረግበው በቀዶ ሕክምናው መሃል ናሙና ቀዝቅዞ በደቂቃዎች ውስጥ በማይክሮስኮፕ መታየቱ ነው። ያ በሌለበት ቦታ ሐኪሙ የሚተማመነው በዓይኑ፣ በታካሚዋ ዕድሜና በፍላጎቷ ላይ ነው። በእኔ ግምት መውለድ ለምትፈልግና ዕጢዋ ከኦቫሪዋ አልፎ ላልታየ ሴት ጥንቃቄው ወደ መቆጠብ ሊያደላ ይገባል፤ የተረፈ ኦቫሪ ኋላ ሊወጣ ይችላል፣ የወጣ ኦቫሪ ግን አይመለስም። ማረጥን ላለፈች እናት ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን ቢያደላ አልቃወምም። በሁለቱም በኩል ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለታካሚዋና ለቤተሰቧ «ካንሰር ላይሆን ይችላል፤ ምን እንዲቀርላት ትፈልጋለች?» የሚለው ጥያቄ መቅረብ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚፈርመው ባል ወይም ወንድም ነው፤ ጥያቄው ግን ለእሷ ነው።

ብልቃጡ

ዕጢው ሲቆረጥ መልኩ የተለየ ነው። ከጠንካራ ሽፋኑ ውስጥ ቀይ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ያዘለ ቡናማ ሥጋ ይታያል፤ ከተከፈቱት ክፍሎች እንደ ሙጫ የሚዝለገለግ ፈሳሽ ይወጣል። በማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ እንደ ማር እንጀራ ጎን ለጎን የተደረደሩ ክብ ክፍሎች ይገኙበታል፣ እያንዳንዳቸውም ኮሎይድ በሚባል ሮዝ ቀለም የያዘ ፈሳሽ ተሞልተዋል። አንገት ላይ ካለ ታይሮይድ የሚለየው ምንም የለም። ዕጢው ምን እንደ ሆነ የሚረጋገጠው በዚህ ብቻ ነው። አልትራሳውንድ ይጠረጥራል፣ ሲቲ ስካን ይጠረጥራል፤ የሚፈርደው ፓቶሎጂ ነው።

ፍርዱ የሚሰጠው ደግሞ ናሙናው ሳይበላሽ ከደረሰ ነው። በአገራችን ብዙ ሆስፒታሎች የተለመደው አሠራር ከቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ ብልቃጥ ለቤተሰብ መስጠትና «ይህን ወስዳችሁ አስመርምሩ» ማለት ነው። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ የመጣ ወንድም ዕጢው በፕላስቲክ ዕቃ ታሽጎ በፌስታል ተንጠልጥሎ ይሰጠዋል። ታማሚዋን ትቶ ይሂድ ወይስ አብሯት ይሁን፣ ገንዘቡን ለመድኃኒት ያውለው ወይስ ለምርመራ፣ ማንም አይነግረውም። ብልቃጡ የውጤት ግማሽ መሆኑንም የሚያስረዳው አያገኝም። ስለዚህ አንዳንዱ መስኮት ላይ ያስቀምጠዋል፤ አንዳንዱ ይቀብረዋል።

ናሙናው መግባት ያለበት 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ነው፤ ፈሳሹም በመጠን ከሥጋው 10 እጥፍ ያህል ሊሆን ይገባል። በጥቂት ፎርማሊን የተነከረ ትልቅ ዕጢ ከውጭ ደርቆ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ በዚህ ምክንያት ዕጢው በባለሙያ ተሰንጥቆ ፈሳሹ ወደ ውስጥ እንዲገባ መደረግ አለበት። ውሃ ውስጥ፣ ደረቅ ጨርቅ ውስጥ ወይም አረቄ ውስጥ ማስቀመጥ ናሙናውን ያጠፋዋል። ብልቃጡ አፈ ሰፊ ይሁን፤ ሥጋው በፎርማሊን ሲጠነክር ከጠባብ አፍ አይወጣም። በዕቃው አካል ላይ፣ በክዳኑ ላይ ሳይሆን፣ ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥርና ዕጢው ከግራ ይሁን ከቀኝ መምጣቱ ይጻፋል፤ ክዳን ከሌላ ብልቃጥ ክዳን ጋር ይቀያየራል። አብሮ የሚሄደው ወረቀት ደግሞ «የኦቫሪ ዕጢ» በሚል ሁለት ቃል የሚያልቅ ከሆነ ፓቶሎጂስቱ የሚፈልገውን አያውቅም። ሆድ ውሃ ነበረው? ሲኤ-125 ስንት ነበር? የታይሮይድ ታሪክ አላት? እነዚህ መልሶች አስፈላጊ ናቸው፤ ከትልቅ ዕጢ ውስጥ የትኛው ክፍል፣ ስንት ቦታ ተቆርጦ ይታይ የሚለውን ይወስናሉና። ካንሰሩ ቢኖር በጥቂት ቦታ ብቻ ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

ለአንድ ብርቅ በሽታ ይህ ሁሉ?

«እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት፣ የማኅፀን በር ካንሰር ሳይመረመር በሚያልፍበት ዞን ለስንት ሰው የሚሆን ዕውቀት ነው?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስትሩማ ኦቫሪን ለብቻው ለማግኘት ተብሎ መሣሪያ ይገዛ፣ ዘመቻ ይካሄድ የሚል ሰው ካለ ተቃዋሚው ልክ ነው።

ነገር ግን ይህ ዕጢ የሚጠይቀው ሰንሰለት ለእሱ ብቻ የሚዘረጋ አይደለም። ሆዷ የገፋ ሴት በጤና ኬላ ስትታይ «ውፍረት ነው» ተብላ እንዳትመለስ፣ ጤና ጣቢያው አልትራሳውንድ ወዳለበት ሆስፒታል በጊዜ ሪፈር እንዲጽፍ፣ ሆስፒታሉ ናሙናውን ራሱ አሽጎ ራሱ እንዲልክ፣ ውጤቱም ተመልሶ በካርዷ እንዲገባ ማድረግ ለጡት፣ ለማኅፀን በር፣ ለቲቢ ምርመራም ያው ነው። ደብረ ብርሃን የሕክምና ትምህርት የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲና የስፔሻላይዝድ አገልግሎት ያለው ሆስፒታል አላት፤ አዲስ አበባም በ130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ናት። ብዙ የአገሪቱ ክፍሎች የሌላቸው ዕድል ነው። በጣርማበር ወዲያና ወዲህ ካሉ ወረዳዎች የሚመጣ ናሙና ግን በዚህ ዕድል የሚጠቀመው የሚያደርሰው የተወሰነ ሰው ካለ ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የታማሚዋ ወንድም ሊሆን አይገባም። የብርቅ በሽታ ጥቅሙ የሰንሰለቱን ደካማ ቀለበት ማሳየቱ ነው፤ በተለመደ በሽታ ላይ ሐኪሙ በልምድ ገምቶ ያልፈዋል፣ በዚህኛው ላይ ግን ግምቱ ይከዳዋል።

ውጤቱ ሲመጣ

ወረቀቱ ላይ «ካንሰር ያልሆነ ስትሩማ ኦቫሪ» ከተጻፈ ሕክምናው በአብዛኛው ተጠናቋል። ጨረርም ኬሞቴራፒም አያስፈልግም። ውሃው በሳምንታት ውስጥ ይደርቃል፣ ሲኤ-125 ይወርዳል፣ በዕጢው ምክንያት የጨመረ ሆርሞን ካለም ይስተካከላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የታይሮይድ ሆርሞን አንድ ጊዜ መለካቱ ተገቢ ነው። ቀደም ሲል የአንገት ታይሮይዷ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት ከሆነች ሰውነቷ ሳይታወቅ በኦቫሪው ሆርሞን ሲንቀሳቀስ ቆይቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ከጀመራት ምርመራው አይዘግይ። በቀረው ኦቫሪ ላይም በየጊዜው አልትራሳውንድ ይታያል፤ ማርገዝም ትችላለች።

የታይሮይድ ካንሰር ተገኝቶበታል የሚል ውጤት ከመጣ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ፓፒላሪ የሚባለው፣ በዝግታ የሚያድገው ዓይነት ነው። አንዳንድ ሐኪሞች የአንገቱን ታይሮይድ ጭምር አውጥቶ በጨረር አዮዲን ማከምን ይመርጣሉ፤ የአንገቱ ታይሮይድ እያለ አዮዲኑ ወደዚያ ስለሚሳብ የተረፈውን የኦቫሪ ካንሰር አያገኘውምና። ሌሎች ደግሞ ካንሰሩ ትንሽና ከኦቫሪ ያልወጣ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው ይበቃል፣ ቀሪው ክትትል ነው ይላሉ። ምርጫው በካንሰሩ መጠን፣ በስርጭቱና በሴትየዋ ፍላጎት ይወሰናል። ይህ ውሳኔ የማኅፀን፣ የታይሮይድና የካንሰር ሐኪሞች አብረው የሚሰጡት ስለሆነ፣ ታካሚዋ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ስትሄድ የፓቶሎጂ ወረቀቷን ብቻ ሳይሆን ናሙናው የተቀመጠበትን የሰም ብሎክና ስላይድ ከላቦራቶሪው ጠይቃ ይዛ መሄድ ይኖርባታል።